ትል ሁሉ አንድ ትል አይደለም፦ የኮሶ፣ የወስፋት እና የስማቸው ታሪክ

ዛሬ ወደ ምክሩ ከመግባታችን በፊት ትንሽ ታሪክ እናውራ። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ከወግዲ ገጠር የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ከኪሳቸው ሦስት ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። ሦስቱም አልቤንዳዞል ነው።

«በልጅነቴ ኮሶ እየጠጣሁ ሳስወርደው ኖሬአለሁ። አሁን ጉልበቴ ደከመ፣ ምሬቱንም አልቻልኩት። ኪኒን ይሻልዎታል ቢሉኝ ከሱቅ አስገዝቼ ሦስት ጊዜ ዋጥሁ። ይኸው አሁንም አለ።»

«አባባ፣ የሚወጣው ምን ይመስላል?» አልኳቸው።

«ነጭ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ የዱባ ፍሬ የሚያክል። መጸዳጃ ሳልቀመጥም ራሱ ይወጣል፤ ልብሴ ላይ አገኘዋለሁ።»

«እንግዲያው ይሄ ኮሶ ነው። እርስዎ የዋጡት መድኃኒት ደግሞ በዋናነት ለሌላ ዓይነት ትል የሚሰጥ ነው።»

አዩኝና ሳቅ አሉ። «ዶክተርዬ፣ ትል ትል አይደለም እንዴ?»

የዛሬው ጽሑፍ የእሳቸው ጥያቄ መልስ ነው። እንዲህ ብለው የሚያስቡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። የዓለም ታላላቅ የተፈጥሮ ሊቃውንትም ትል ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚከተት መስሏቸው ነበር። ሳጥኑ ተከፍቶ በየዓይነቱ እስኪለይ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጀ።

የእኛ ሰው ያወጣው ስም

መጀመሪያ ከራሳችን እንነሳ። የወሎ ደጋ ገበሬ ማይክሮስኮፕ ሳይኖረው ትሎቹን በመልካቸውና በሥራቸው ለይቶ ያውቃል። ረጅሙ፣ ድቡልቡሉ፣ ከልጆች ሆድ የሚወጣው ወስፋት ነው። ጠፍጣፋውና እየተቆራረጠ የሚወጣው ኮሶ ነው። ከብት ውኃ ሲጠጣ አፉ ውስጥ የሚጣበቀው አልቅት ነው። በግ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ ባለበት ሲዞር «አዙሪት ያዘው» ይባላል። የታረደ በግ ጉበት ሲከፈት ቅጠል የመሰለ ነገር ከተገኘ የጉበት ትል ነው።

ወስፋት በቋንቋችን ውስጥ ከትልነትም አልፎ ሄዷል። የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋበት «ወስፋቴ ተዘጋ» ይላል። ትሉ ከሰው ጋር ከመክረሙ የተነሳ የረሃብ ስም ሆኗል ማለት ነው።

የኮሶ ነገር ደግሞ ከዚህ ይገርማል። በሽታውም ኮሶ ነው፣ ትሉም ኮሶ ነው፣ መድኃኒቱም ኮሶ ነው፣ ዛፉም ኮሶ ነው። አንድ ሰው «ኮሶ አለብኝ» ሲል ትሉን ነው፤ «ኮሶ ጠጣሁ» ሲል መድኃኒቱን ነው። ይህ አጠራር በአንድ በኩል ትክክለኛ እውቀት ይዟል፤ የዚህ ትል መድኃኒት ይህ ነው ብሎ ሁለቱን በአንድ ስም አስሯቸዋልና። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የኮሶን አበባ መርጠው እንጂ ያገኙትን ቅጠል ሁሉ አይጠጡም ነበር።

የሊኒየስ ሳጥን

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ እንስሳትን በስድስት ክፍል መደባቸው፦ አጥቢዎች፣ ወፎች፣ በየብስና በውኃ የሚኖሩ፣ ዓሦች፣ ነፍሳት፣ የቀረው ሁሉ ደግሞ «ቬርሜስ»፣ ማለትም ትሎች። በዚህ በስድስተኛው ሳጥን ውስጥ ወስፋት፣ የመሬት ትል፣ አልቅት፣ ቀንድ አውጣ፣ የባሕር ኮከብ ሳይቀር አብረው ገቡ። አጥንት የሌለውና ነፍሳትም ያልሆነ ፍጥረት ሁሉ ትል ተባለ ማለት ነው።

ሊኒየስ ለወስፋት የሰጠው ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ «አስካሪስ ሉምብሪኮይደስ» ይባላል፣ ትርጉሙም «የመሬት ትል መሳይ» ነው። ዛሬም እናቶች ልጃቸው ወስፋት ሲያወጣ «የመሬት ትል ወጣው» ይሉኛል። ዓይን የሚያየው ይኸው ነው፤ ሊኒየስንም ያሳሳተው ይኸው ነው። ኮሶን ደግሞ ከወስፋት ለይቶ ዕፅዋት መሰል እንስሳት ካላቸው ጋር መደበው።

ሳጥኑን መክፈት የጀመረው ፈረንሳዊው ላማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 በፓሪስ ሙዚየም የነፍሳትና የትሎች መምህርነት ቦታ ተሰጠው፤ ብዙ ሰው የማይፈልገው ቦታ ነበር። እሱ ግን በትዕግሥት ለያቸው። «አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው፤ ሰውነታቸው በቀለበት የተከፋፈለውንም ለብቻ አወጣቸው። ከዚያ ጀርመኖቹ ቀጠሉ። ሩዶልፊ እ.ኤ.አ. በ1808 ክር መሰሎቹን ድቡልቡል ትሎች በራሳቸው ስም ጠራቸው፤ ጌገንባውር እ.ኤ.አ. በ1859 ለጠፍጣፋዎቹ የራሳቸውን ስም ሰጣቸው። በዚህ መንገድ ዛሬ የምናውቃቸው ሦስት ታላላቅ ቤቶች ተለዩ፦

1. ጠፍጣፋ ትሎች፦ ኮሶ፣ የበግ ጉበት ትል፣ የበግ አዙሪት፣ ቢልሃርዚያ።
2. ድቡልቡል ትሎች፦ ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ ልጆችን ማታ ማታ መቀመጫቸውን የሚያሳክከው ክር ትል፣ የጊኒ ትል።
3. ባለ ቀለበት ትሎች፦ የመሬት ትል እና አልቅት።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች የእንስሳትን ዘረ መል አነጻጽረው ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ወስፋትና ዘመዶቹ እያደጉ ሲሄዱ ቆዳቸውን የሚቀይሩ ፍጥረታት ስለሆኑ የቅርብ ዘመዶቻቸው ነፍሳት ናቸው። ኮሶና የመሬት ትል ደግሞ ወደ ቀንድ አውጣው ወገን ያዘነብላሉ። ነገሩን ወደ ቀዬአችን እናምጣው፦ ወስፋት ከመሬት ትል ይልቅ የቀረበ ዝምድና ያለው ከዝንብና ከተምች ጋር ነው! መልክ ብቻ ዘመድ አያደርግም።

ይህ ሁሉ ለእኔና ለእናንተ ምን ያደርጋል? ሰውነታቸው ስለሚለያይ የሚገድላቸውም ይለያያል። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

ኮሶ፦ ከደጋው ጫካ እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤት

ከመካነ ሰላም በላይ ወደ ቦረና ሳይንት ተራሮች የወጣ ሰው የኮሶን ዛፍ ያውቀዋል። የደጋ ዛፍ ነው፤ ቀላ ያለ አበባው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ድሮ በብዙ ቤት በየሁለት ወሩ መጠጣት ልማድ ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው የዚያን ቀን ሥራ አይጠየቅም።

ለምን በየሁለት ወሩ? አበባው ትሉን ያደክመውና ከአንጀት ያስለቅቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ትንሿ ራስ ተጣብቃ ትቀራለች። ከራሷ እንደገና አድጋ ቁርጥራጭ ማውጣት እስክትጀምር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። አባቶቻችን የትሉን የእድገት ጊዜ በልምድ አውቀውታል ማለት ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ በአገራችን ቆይቶ ሲመለስ ስለዚህ ዛፍ በሰፊው ጻፈ። የዛሬውን ሳይንሳዊ ስሙን «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ያወጣለት ግን ጀርመናዊው ግሜሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1791። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። የእኛ ደጋ ለዓለም ያበረከተው መድኃኒት ነው፤ ልንኮራበት ይገባል።

ኮሶ ግን የመድኃኒትነቱን ያህል መርዝም ነው። መጠኑ ሲበዛ ኃይለኛ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ የዓይንን ነርቭ ጎድቶ ማየት የተሳናቸው ሰዎች በአገራችን በሕክምና መዛግብት ተጽፈዋል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የደከመ ሰው በፍጹም ሊጠጣው አይገባም።

የትሉ መነሻስ? ለረጅም ዘመን ማንም አያውቅም ነበር። ጎየዘ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1782 የበሬ ሥጋውን ኮሶ ከአሳማው ለይቶ ስም ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1861 ደግሞ ሎይካርት የኮሶ ቁርጥራጭ ለጥጃ አበላና ቆይቶ በጥጃው ጡንቻ ውስጥ ትናንሽ የውኃ ቋጠሮዎች አገኘ። ነገሩ ተገለጠ፦ ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፤ ከብቱ ከሣሩ ጋር እንቁላሉን ይበላል፤ እንቁላሉ በሥጋው ውስጥ ቋጠሮ ይሆናል፤ ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ይበላል፤ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል።

እዚህ ላይ የስም ልዩነቱን ጥቅም ተመልከቱ። የአሳማው ኮሶ እንቁላል ወደ ሰው ሆድ ከገባ እስከ አንጎል ደርሶ የሚጥል በሽታ ያመጣል። የበሬው ኮሶ ይህን አያደርግም። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ ስለማይበላ ከዚህኛው ክፉ ዘመዱ በብዙው ድነናል። በቁርጥና በክትፎ የሚመጣው ግን ሁለታችንንም እኩል ያገኘናል።

ወስፋትና መንጠቆ ትል፦ በአፍ ወይስ በእግር?

ሁለቱም ድቡልቡል ትሎች ናቸው፤ መግቢያ በራቸው ግን ይለያያል። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በአፈር ውስጥ ቆይቶ ባልታጠበ እጅና ባልታጠበ አትክልት በአፍ ይገባል።

መንጠቆ ትል ግን ሌላ መንገድ አለው። አርተር ሎስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በግብፅ ሲሠራ የትሉን እጮች የያዘ ፈሳሽ እጁ ላይ ይፈስበታል። ቆዳው አሳከከው፣ ቀላ፤ ከሳምንታት በኋላ በሰገራው ውስጥ የትሉን እንቁላል አገኘ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚህ አጋጣሚ እጩ ቆዳን በስቶ እንደሚገባ ታወቀ። ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን አንጀትን ነክሶ ደም ይመጣል። በባዶ እግሯ እርሻ የምትውል ነፍሰ ጡር ደም ሲያንሳት አንዱ ተጠርጣሪ እሱ ነው። ለወስፋት እጅ መታጠብ፣ ለመንጠቆ ትል ጫማ ማድረግ፤ ሁለቱንም የሚቆርጠው ደግሞ መጸዳጃ ቤት ነው።

ቢልሃርዚያ፦ በእንዶድ የታወቀው ኢትዮጵያዊ

ይህ ጠፍጣፋ ትል የሚኖረው በሆድ ውስጥ ሳይሆን በደም ሥር ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ አገኘው። ትሉ ሰው ዘንድ ለመድረስ በመሐል ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። በደቡብ ወሎ በሐይቅና በኮምቦልቻ አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው። ቀንድ አውጣው ለብ ያለ አየር ስለሚወድ በከፍተኛው ደጋ እምብዛም አይገኝም፤ ከደጋ ወርዶ ቆላ ወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ወይም መስኖ የሚሠራ ሰው ግን ሊይዘው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ በወንዝ ዳር ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው ተገኙ። እናቶቻችን ለልብስ ማጠቢያ የሚወቅጡት ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ ይገድላል! በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ትል ሳይሆኑ ትል የተባሉ

አሁን ወደ ከባዱ ስህተት መጣን።

ዝሆኔ፦ እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ በቆላ አካባቢዎች በትንኝ ከሚተላለፍ ክር መሰል ትል ይመጣል። በደጋው ግን ትሉ የሌለባቸው ብዙ ሰዎች እግራቸው ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ምክንያቱን አሳዩ፦ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ነው። ደቃቁ ብናኝ በባዶ እግር ገብቶ በተጋላጭ ሰው ላይ የፈሳሽ መሄጃዎችን ይዘጋል። ትልም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለዚህ ሰው የትል ኪኒን ምንም አይሠራለትም፤ ጫማ፣ በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባትና ማሰሪያ ግን ሕይወቱን ይለውጡለታል። በእግሩ ምክንያት ከሠርግና ከለቅሶ የቀረ ጎረቤት ካላችሁ ይህን ንገሩት።

አሜባና ጃርዲያ፦ ብዙ ሰው «የሆድ ትል» ይላቸዋል። ትል አይደሉም፤ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። ጃርዲያን መጀመሪያ ያየው ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1681 የራሱን ሰገራ በሠራው ማይክሮስኮፕ ሲመረምር። መድኃኒታቸው የተለየ ነው።

የጥርስ ትል፦ የለም። በዘር ጭስ ታጥኖ «ወጣ» የሚባለው ነጭ ነገር ከጥርስ የወጣ አይደለም። ጥርስን የሚበላው ባክቴሪያ ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጥ ነው። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ የጥርስ ትልን አልተቀበለም።

የቁስል ትል፣ ተምች፣ የሐር ትል፦ እነዚህ የዝንብና የእሳት ራት ልጆች ናቸው። አድገው ክንፍ ያወጣሉ።

ወደ ወግዲው አባታችን እንመለስ

እኚያ አባት ሰገራቸው ተመርምሮ፣ ክብደታቸው ተለክቶ ፕራዚኳንቴል ተሰጣቸው። አንድ ጊዜ ነው የዋጡት። ከሦስት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሲመጡ ምንም እንዳላዩ ነገሩኝ። ከዚያ የኮሶን መንገድ ከሰው ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ሰው ሳስረዳቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ታዲያ በሬውን የምመርዘው እኔ ነኛ!» አሉ።

አዎ። በሬው ከእኛ ነው የሚወስደው። አባታችን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀለሉት።

ማስታወስ ያለባችሁ

1. ከሰውነታችሁ የወጣውን ነገር መልክ አስተውሉ፦ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ድቡልቡል? ቁርጥራጭ ነው ወይስ ሙሉ? ለሐኪም ስትነግሩ ግማሹ ምርመራ አለቀ።
2. አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል በዋናነት ለድቡልቡል ትሎች ናቸው። ለኮሶ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ፣ ለቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል ይታዘዛል። ለአሜባና ለጃርዲያ ሌላ ነው። ሳይመረመሩ አይዋጥም።
3. ሚጥሚጣ፣ አዋዜና አረቄ በሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ቋጠሮ አይገድሉም። የሚገድለው ውስጡ ድረስ የበሰለ እሳት ነው።
4. ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤቶች የትል መድኃኒት በዘመቻ እየተሰጠ ነው። ልጆቻችሁን አታስቀሩ።
5. ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንኛውንም የትል መድኃኒት አትውሰዱ። ኮሶም፣ እንቆቆም፣ መተሬም ቢሆን።
6. አልቅት ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ከተጣበቀ በጣት ወይም በእንጨት አትጎርጉሩ፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።
7. መጸዳጃ ቤት፣ ሳሙና፣ ጫማ። እነዚህ ሦስቱ ከማንኛውም ኪኒን ይበልጣሉ።

ትላልቆቹ ሊቃውንት ያንን ሳጥን ለመለየት ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። እኛ የምንጠየቀው አንድ ጊዜ አይቶ መናገር፣ አንድ ጊዜ መመርመር ብቻ ነው። «ትል ትል አይደለም እንዴ?» የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት።

ጤና ይብዛላችሁ!